በየቀኑ ከጨረሩ በፊት የሚነሣው ምስል ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «አባቴ ለፕሮስቴት ካንሰር የ20 ቀን የጨረር ሕክምና ጀምረዋል። በየቀኑ ጨረሩ ከመሰጠቱ በፊት ማሽኑ አንድ ጊዜ ይዞራቸውና ምስል ያነሣል። ባለፈው ሳምንት ግን ምስሉ ከተነሣ በኋላ ሕክምናውን ሳይሰጧቸው ከአልጋው አውርደው ‹ሽንት ቤት ገብተው ይምጡ› አሏቸው፤ ሲመለሱ እንደገና ምስል ተነሥቶ ነው ሕክምናው የተሰጠው። በሽታው የት እንዳለ ገና አልታወቀም ማለት ነው? ይህ ሁሉ ምስል ራሱ ተጨማሪ ጨረር አይደለም ወይ? እናቴ ከዓመታት በፊት ለጡት ካንሰር ሲታከሙ የሚስተካከሉት በቆዳቸው ላይ በተነቀሱ ነጥቦች ብቻ ነበር፤ የእሳቸው ሕክምና ጉድለት ነበረበት ማለት ነው? ኤምአርአይ የተገጠመለት ማሽን አለ ሲባልም ሰምተናል፤ እሱን ብንፈልግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ ያሳሰበዎትን ነገር ላቅልልዎት። ባለሙያዎቹ አባትዎን ከአልጋው ያወረዷቸው በሽታው ያለበትን ስፍራ ስላላወቁ አይደለም። ስፍራው ሕክምናው ከመጀመሩ አስቀድሞ ተለክቶና በሐኪም ጸድቆ ያለቀ ጉዳይ ነው። በየቀኑ የሚነሣው ምስል የምርመራ ምስል ስላልሆነ ስለ በሽታው አዲስ ነገር እንዲናገር አይጠበቅበትም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ አልጋው ላይ የተኛው ሰውነት ዕቅዱ የተሠራለት ሰውነት ነው ወይ? በዚያን ቀን የተገኘው መልስ «አይደለም» የሚል ስለ ነበረ ሕክምናው ለጥቂት ጊዜ ቆመ። እኔ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ፤ የዕለት ሥራዬም በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። የአባትዎን ማኅደር ስላላየሁ የምጽፈው በጥቅሉ ስለ አሠራሩ ነው፤ የእሳቸውን ዝርዝር የሚያውቁት የሚያክሟቸው ሐኪምና አብረዋቸው የሚሠሩት ባለሙያዎች ናቸው።

የጨረር ሕክምና ዕቅድ የሚወጣው ሕክምናው ከመጀመሩ ቀናት ወይም ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በአንድ ቀን በተነሣ ሲቲ ስካን (የሰውነትን ውስጥ በቁራጭ በቁራጭ በሚያሳይ የራጅ ምስል) ላይ ነው። ሐኪሙ በየቁራጩ ምስል ላይ ሊመታ የሚገባውን አካል በመስመር ይከብበዋል፤ እንደ አባትዎ ላለ ታካሚ ይህ በአብዛኛው ሙሉው የፕሮስቴት ዕጢ ሲሆን፣ እንደ በሽታው ደረጃ ከጎኑ ያሉት የዘር ፈሳሽ ከረጢቶችም ሊጨመሩ ይችላሉ። ከዚያም በዙሪያው ሰፋ ያለ ሌላ መስመር ይሠመራል። ይህ ሁለተኛው መስመር የሚከልለው ስፍራ በሽታ ስላለበት የተከለለ አይደለም፤ ዕጢው በሕክምናው ቀን ከታሰበው ቦታ ጥቂት ቢንሸራተት እንኳ ከጨረሩ ውጭ እንዳይቀር የተተወ የጥንቃቄ ጠርዝ ነው። የጨረር አሃዶችና ልኬቶች ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው 50ኛ ሪፖርቱ ለእነዚህ መስመሮች ስምና ትርጉም ከሰጣቸው ወዲህ፣ በየትኛውም አገር ያሉ ባለሙያዎች ስለ እነሱ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ።

የጥንቃቄ ጠርዝ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ዒላማ ብንወስድ ይዘቱ 65 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ብንጨምርበት 113 ይሆናል፤ 10 ሚሊ ሜትር ብንጨምርበት ደግሞ 180 ይደርሳል። እንግዲህ በ10 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ሙሉውን የጨረር መጠን ከሚቀበለው ሥጋ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በሽታ የሌለበት ነው ማለት ነው። በፕሮስቴት ዙሪያ ያለው ይህ ጤነኛ ሥጋ ደግሞ ከፊት የሽንት ፊኛ፣ ከኋላም ሬክተም የሚባለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል ነው፤ ሁለቱም ከመጠን በላይ ጨረር ሲደርስባቸው ይቆጣሉ፣ ሊደሙም ይችላሉ። ጠርዙን ማጥበብ የምንመኘው ስለዚህ ነው፤ ማጥበብ የሚቻለው ደግሞ ዕጢው በየቀኑ የት እንዳለ ስናይ ብቻ ነው።

የፕሮስቴት ዕጢ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ የሚኖር አካል አይደለም። በፊኛውና በሬክተሙ መካከል ተቀምጦ ሁለቱ ሲሞሉና ሲጎድሉ አብሮ ይገፋል፣ አብሮም ይመለሳል። ከቀን ወደ ቀን የሚታየው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ቢሆንም፣ አንዳንዴ ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ዋናው አስቸጋሪ ሬክተሙ ነው፤ በሰገራ ወይም በአየር ሲነፋ ዕጢውን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የራሱን የፊት ግድግዳም ጨረሩ ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ ያስገባል። ይህ ሁሉ በሆድ ውስጥ ሲከናወን በዳሌው ቆዳ ላይ ያሉት ነጥቦች ከቦታቸው አይነቃነቁም። በነጥቦቹ ብቻ የምንመራ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በቦታው ያለ መስሎን ጨረሩን እንለቀው ነበር።

ምስልን በሕክምናው አልጋ ላይ የማንሣት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ከታካሚው ጀርባ ፊልም ይቀመጥና በሕክምናው ጨረር በራሱ ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ የሚደረግ ነበር። የዚያ ምስል ችግር መፍዘዙ ነው። የተለመደው የራጅ ምስል በ120 ሺህ ቮልት አካባቢ ሲነሣ፣ የሕክምናው ጨረር ግን ከ6 ሚሊዮን ቮልት ጀምሮ የሚሠራ ነው። በዝቅተኛው ኃይል በካልሲየም የበለጸገው አጥንት ጨረሩን ከሥጋ ይልቅ አብዝቶ ስለሚውጥ ደምቆ ይታያል፤ በከፍተኛው ኃይል ግን አጥንትም ሥጋም ጨረሩን የሚያስቀሩት በእፍጋታቸው መጠን ብቻ ስለ ሆነ ልዩነታቸው ይደበዝዛል። ፕሮስቴትማ ጭራሽ አይለይም። ነገሩን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ ጃፍሬይና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በሚገኘው ዊሊያም ቦሞንት ሆስፒታል ይፋ ያደረጉት ዘዴ ነው፤ በሕክምናው ማሽን ጎን ለብቻው የራጅ ምንጭና ጠፍጣፋ ተቀባይ ሰሌዳ ተገጥሞለት፣ ማሽኑ በታካሚው ዙሪያ አንድ ጊዜ ሲዞር በርካታ የራጅ ምስሎች ይነሡና ኮምፒዩተር ወደ ሲቲ መሰል ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ይለውጣቸዋል። አባትዎን «አንድ ጊዜ የሚዞራቸው» ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ለታካሚው ምንም የማይደረግባቸው ይመስላሉ፤ በመቆጣጠሪያው ክፍል ግን ሥራው የሚበዛው ያኔ ነው። የዛሬው ምስል በዕቅዱ ሲቲ ላይ ተደርቦ ይታያል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ራሱ ያጋጥማቸዋል፤ ቴክኖሎጂስቶቹ ግን ውጤቱን በዐይናቸው ሳያረጋግጡ አይቀበሉትም፣ ምክንያቱም ኮምፒዩተር የሚያጋጥመው ደምቆ የሚታየውን ነው፤ ደምቆ የሚታየው ደግሞ አጥንት ነው። ዳሌው ከዳሌው ጋር ፍጹም ገጥሞ ሳለ ፕሮስቴቱ በብዙ ሚሊ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። በብዙ ማእከሎች ከሕክምናው በፊት በዕጢው ውስጥ ሦስት ያህል ደቃቅ የወርቅ ምልክቶች በመርፌ የሚቀመጡት ለዚህ ነው፤ ወርቅ በራጅ ፍንትው ብሎ ስለሚታይ አጥንቱ ተትቶ ዕጢው ራሱ ይፈለጋል። ወርቅ በሌለበት የዕጢውና የሬክተሙ ድንበር በለስላሳው ሥጋ ምስል ላይ ይታያል፤ ይህ ግን የሠለጠነ ዐይን ይጠይቃል። የተገኘው ልዩነት ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ አልጋው በርቀት ይንቀሳቀሳል፤ ታካሚው ብዙ ጊዜ አልጋው ፈቀቅ ሲል ይሰማዋል። አንዳንድ አልጋዎች ከሦስቱ አቅጣጫዎች በተጨማሪ ዘንበል ማለትና መዞርም ይችላሉ።

አባትዎ ላይ የደረሰውን የሚያስረዳው ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። አልጋ የሚያስተካክለው ቦታን ነው፤ ቅርጽን አያስተካክልም። ዕጢው ሳይለወጥ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ከሄደ አልጋውን 6 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። ሬክተሙ ተነፍቶ ዕጢውን ካዘነበለው፣ የዘር ከረጢቶቹን ወደ አንድ ወገን ከገፋቸውና ግድግዳው ጨረሩ ውስጥ ከገባ ግን የትኛውም የአልጋ እንቅስቃሴ የዕቅዱን ቀን ሰውነት መልሶ ሊፈጥር አይችልም። በአንድ ቀን ልክ የተሰፋ ልብስ በሌላ ቀን ቢጠብ ልብሱን ወዲያና ወዲህ መጎተት እንደማይፈይደው ማለት ነው። ያኔ ትክክለኛው ውሳኔ ታካሚውን አውርዶ አየሩ ወይም ሰገራው እንዲወጣ ማድረግ ነው። የተያዘው የሰዓት ሰሌዳ ሲዛባና ሌሎች ታካሚዎች ሲጠብቁ ይህን መወሰን ቀላል አይደለም፤ እኔ በበኩሌ በዚህ የሚጨክን ቡድን ሳይ እምነቴ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የማይጠይቁትን፣ ከዕለት ምስሉ ሁሉ የሚከብደውን አንድ ጉዳይ ማንሣት እወዳለሁ። በጨረር ሕክምና ሁለት ዐይነት መዛነፍ አለ። አንደኛው በየቀኑ የሚለዋወጥ ነው፤ ዛሬ ወደ ግራ፣ ነገ ወደ ቀኝ ስለሚሆን ከ20 ቀን በኋላ በከፊል ይቻቻላል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ነው፤ እርሱ አይቻቻልም። የዕቅዱ ሲቲ የተነሣው ሬክተሙ በተነፋበት ቀን ከሆነ፣ ዕጢው በዚያ ቀን ወደ ፊት ተገፍቶ ተሥሏል ማለት ነው፤ በቀሪዎቹ ቀናት ሁሉ አንጀቱ ባዶ ሲሆን ዕጢው ወደ ኋላ ይመለስና የኋላው ክፍሉ በየቀኑ ከጨረሩ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ቴክሳስ በሚገኘው የኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማእከል እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ በየቀኑ ምስል ሳይነሣላቸው ከታከሙት መካከል በዕቅዱ ሲቲ ላይ ሬክተማቸው ሰፍቶ የታየው ሰዎች በሽታው ተመልሶ የሚታይባቸው ከሌሎቹ በበለጠ መሆኑን አሳየ። የአንድ ቀን አየር ከዓመታት በኋላ በታየው ውጤት ላይ አሻራውን ተወ ማለት ነው።

የኔዘርላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ማርሴል ቫን ኸርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ቀመር የእነዚህን የሁለቱን መዛነፎች ክብደት ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ከ100 ታካሚዎች ለ90ዎቹ ዒላማው በየትኛውም ክፍሉ ከታዘዘው መጠን ቢያንስ 95 በመቶውን እንዲያገኝ ከተፈለገ፣ ጠርዙ የአንድ ወገኑን መዛነፍ 2.5 እጥፍ፣ የየቀኑን መዛነፍ ደግሞ 0.7 እጥፍ ያህል ተደምሮ መሆን አለበት ይላል። የመጀመሪያው 2 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 3 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በምስል መመራት ሁለቱንም በግማሽ ቢቀንሳቸው ደግሞ ወደ 3.5 ይወርዳል። ከቁጥሮቹ እንደሚታየው አንድ ሚሊ ሜትር የዘወትር ስሕተት ከሦስት ሚሊ ሜትር የዕለት መዋዠቅ በላይ ያስከፍላል። በየቀኑ የሚነሣው ምስል ትልቁ ውለታው ይህን የዘወትር ስሕተት መያዙ ነው።

ምስል አለ ብሎ ጠርዙን ያለ ልክ ማጥበብ ግን ሌላ አደጋ ያስከትላል። በብራሰልስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በወርቅ ምልክቶች እየተመሩ በጣም በጠበበ ጠርዝ የታከሙት ወንዶች ምልክቱ ካልተደረገላቸውና ሰፋ ባለ ጠርዝ ከታከሙት ይልቅ በሽታው በብዛት ተመልሶ ታይቶባቸዋል። ወርቁ ያለበትን ነጥብ ብቻ ይናገራል፤ የዕጢው ቅርጽ መለወጡን፣ በሐኪሙ መስመር ላይ ያለውን ጥርጣሬ ወይም ምስሉ ከተነሣ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች የሆነውን አይናገርም። ይህን ጥናት ለወጣት ባልደረቦቼ ደጋግሜ የማነሣው ማየትና ማወቅ አንድ እንዳይመስላቸው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። አዎን፣ ምስሉ ራሱ ጨረር ነው። በዳሌ አካባቢ የሚነሣ አንድ እንዲህ ያለ ምስል እንደ ማሽኑና እንደ አሠራሩ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግሬይ አካባቢ ያደርሳል፤ ግሬይ ሰውነት የተቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ ሲሆን ሚሊ ግሬይ የእሱ አንድ ሺኛ ነው። በ20 ቀን የሚጠናቀቀው የተለመደው የፕሮስቴት ሕክምና በየቀኑ 3 ግሬይ፣ በድምሩ 60 ግሬይ ነው። የአንዱን ምስል መጠን በአማካይ 20 ሚሊ ግሬይ ብንወስደው 20 ምስሎች 0.4 ግሬይ ይሆናሉ፤ ይህም ከሕክምናው መጠን ከ1 በመቶ በታች ነው። አባትዎ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መነሣታቸው በዚህ ስሌት ላይ ለውጥ አያመጣም። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የምስሎቹ ድምር ከታዘዘው መጠን 5 በመቶ የሚበልጥ ከሆነ በዕቅዱ ውስጥ ታሳቢ ይደረግ ይላል፤ እዚህ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብለን ነው ያለነው።

ሆኖም «ኢምንት ነው» ብሎ ማለፉ ለእኔ አይዋጥልኝም። የሕክምናው ጨረር በዒላማው ላይ ሲከማች የምስሉ ጨረር ምስሉ በሚያካትተው የሰውነት ክፍል ሁሉ ላይ ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ በርካታ ማእከሎች የተካሄደና 470 የፕሮስቴት ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት በየቀኑ ምስል መውሰድን ከሳምንታዊው ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ በየቀኑ የተነሣላቸው ሰዎች በሽታው በደም ምርመራ ተመልሶ የታየባቸው በቁጥር ያነሱ ሆኑ፣ የሬክተም ጉዳታቸውም ቀነሰ። ግን ከተጠበቀው ውጭ በየትኛውም ምክንያት የሞቱት በዚያው በየቀኑ ቡድን በዝተው ታዩ። የሟቾቹ ቁጥር አነስተኛ ስለ ነበረና ምክንያቱ ምስሉ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ከዚህ ተነሥቶ ምስሉን መተው ትክክል አይሆንም፤ ነገር ግን ምስሉ የሚነሣበትን ስፍራ ማጥበብና መጠኑን ለጥያቄው በሚበቃው ልክ መወሰን ግዴታችን መሆኑን ያስታውሰናል። ለሕፃናት ደግሞ ጥንቃቄው ከዚህም ይጠብቃል።

ስለ እናትዎ የጠየቁትን በደስታ እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ በዚህ ያለ ምክንያት ይጨነቃል። ጡት የላይ አካል ነው፤ ቅርጹም ቦታውም ከቆዳው ጋር አብሮ ስለሚሄድ በቆዳው ላይ ያለ ነጥብ ስለ ዒላማው ብዙ ይናገራል። ጨረሩም ሙሉውን ጡት ከጎን ወደ ጎን ጠርዞ የሚያልፍ ሰፊ ጨረር ስለ ሆነ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት እንደ ፕሮስቴቱ አይከብድም። ስለዚህ ነጥቦቹ ለእሳቸው ሕክምና የሚመጥኑ መሣሪያዎች ነበሩ። ዛሬ በጡት ሕክምና የተለወጠው ትልቁ ነገር ስለ ልብ ያለን ስጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሣራ ዳርቢና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ልብ በአማካይ በተቀበለው በእያንዳንዱ 1 ግሬይ የከባድ የልብ ሕመም ዕድል በ7.4 በመቶ እንደሚጨምር ታየ። በዚህ ምክንያት በግራ ጡት የሚታከሙ ብዙ ሴቶች ትንፋሽ ስበው ይዘው እንዲታከሙ ይደረጋል፤ ሳንባው ሲሞላ ልቡ ከደረቱ ግድግዳ ይርቃልና። ትንፋሹ መያዙን የሚከታተሉት ካሜራዎች የቆዳውን ገጽ በብርሃን የሚያነቡ ሲሆኑ ምንም ዐይነት ጎጂ ጨረር አይጠቀሙም።

በሌሎች አካላት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሳንባ ውስጥ ያለ ዕጢ፣ በተለይ ወደ ድያፍራም (ደረትን ከሆድ ወደሚለየው ጡንቻ) የቀረበው፣ በአንድ ትንፋሽ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊወጣና ሊወርድ ስለሚችል የዕቅዱ ሲቲ ራሱ የትንፋሹን ዑደት ብዙውን ጊዜ በ10 ክፍል ከፍሎ ያነሣዋል። በአንገትና በጭንቅላት ካንሰር ደግሞ ታካሚው በልኩ በተሠራ ጭንብል ስለሚያዝ መንቀሳቀሱ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ዕጢው መሟሸሹና ታካሚው መክሳቱ ነው። በእነዚህ ጊዜያት የዕለቱ ምስል ሥራ አልጋ ማንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን «ይህ ዕቅድ አርጅቷል፣ አዲስ ይሠራ» ብሎ ማስጠንቀቅ ይሆናል።

በራጅ ፈንታ በማግኔት ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ የተገጠመለትን ማሽን በተመለከተ፣ ሐሳቡ የሚያስደንቅ ነው። ኃይለኛ ማግኔትና የጨረር ማሽን በተፈጥሯቸው የማይስማሙ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያውካል። በኔዘርላንድ ዩትሬክት ያሉ የፊዚክስ ባለሙያዎች ለዓመታት ደክመው 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ብርታት መለኪያ ነው) ማግኔት ያለውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ አዋሉት፤ በአነስተኛ ማግኔት የሚሠራ ሌላ ማሽንም ከዚያ ቀደም ብሎ በአሜሪካ ሥራ ጀምሮ ነበር። ኤምአርአይ ለስላሳ ሥጋን ከሲቲ አብልጦ ይለያል፣ ጨረር አይጨምርም፣ ጨረሩ እየተሰጠ ሳለም ዕጢውን ያሳያል። በሎስ አንጀለስ የተካሄደው ሚራዥ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተመው ውጤት፣ በ5 ቀን ሕክምና ከተሳተፉ 156 ወንዶች መካከል በኤምአርአይ በ2 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ከታከሙት 24.4 በመቶው፣ በሲቲ በ4 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ከታከሙት ደግሞ 43.4 በመቶው መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነ የሽንት ችግር ገጥሟቸዋል፤ የአንጀቱ ችግር 0 ለ10.5 በመቶ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ሲያነቡ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የተለካው በሕክምናው ሰሞንና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት የታየው ጉዳት እንጂ ከበሽታው መዳን አይደለም። ልዩነቱንም ያመጣው የማሽኑ ስም ሳይሆን ማሽኑ የፈቀደው የጠርዝ መጥበብ ነው። አባትዎ ሕክምናቸውን ጀምረዋል፤ የወሰዱት ዙር በኋላ ሊመለስ አይችልም፣ በመሃል ማቋረጥም ካንሰሩ እንዲያገግም ዕድል መስጠት ነው። በየቀኑ ምስል የሚነሣላቸው፣ አንጀታቸው ተነፍቶ ሲገኝም ቆም የሚልላቸው ቡድን ካላቸው ሌላ ማሽን ፍለጋ እንዲወጡ አልመክርም።

ምስሉ የማይችለውንም ልናገር። ሐኪሙ ሲሥል ድንበሩን ቢስት የዕለቱ ምስል የተሳሳተውን ድንበር በየቀኑ በትክክል ይመታል። ሲቲ ፕሮስቴቱን ከእውነተኛው መጠኑ አስፍቶ ስለሚያሳይ ብዙ ሐኪሞች ለሥዕሉ ኤምአርአይ ጨምረው ይጠቀማሉ፤ ይህ በሕክምናው ቀን ከሚደረገው ሁሉ ያልተናነሰ ጥቅም አለው። በአከርካሪ አጥንት ላይ ደግሞ አንዱ አጥንት ሌላውን ስለሚመስል ኮምፒዩተሩ አንድ አጥንት ስቶ «ገጥሟል» ሊል ይችላል። የምስሉ ማእከልና የጨረሩ ማእከል ራሳቸው ካልተገናኙም ሁሉም ከንቱ ነው፤ ልዩነታቸው በተለመደው ሕክምና ከ2 ሚሊ ሜትር፣ እጅግ ትክክለኛነት በሚጠይቀው ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ታካሚ ሳይገባ በማለዳ የሚፈተሸው ለዚህ ነው።

አባትዎ ከዚህ በኋላ ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር ቀላል ነው። ከዕቅዱ ሲቲ በፊት የታዘዙትን የውሃ መጠንና የመጠበቂያ ሰዓት በየቀኑ ሳያበዙም ሳያሳንሱም ይድገሙት፤ ፊኛ ከልክ በላይ መሙላቱም እንደ መጉደሉ ሁሉ ሰውነቱን «ሌላ» ያደርገዋል። የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥ ወይም የሆድ መነፋት ከጀመራቸው አልጋው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ለቴክኖሎጂስቶቹ ይንገሩ፤ ማለስለሻ መድኃኒት ግን ሐኪማቸው ሳያዝ በራሳቸው አይውሰዱ። ምስሉ የሚጋጠመው በአጥንት፣ በወርቅ ወይስ በዕጢው በራሱ እንደ ሆነ፣ በዕቅዱ ሲቲ ላይ ሬክተማቸው ምን ይመስል እንደ ነበር መጠየቅም መብታቸው ነው። ደግሞም ሌላ ቀን ከአልጋው ቢያወርዷቸው የዚያ ቀን ሕክምና ጠፋ ብለው አይዘኑ፤ ጨረሩ እስካልተለቀቀ ድረስ ከ20ው አንድም አይቀነስም፣ ሲመለሱ ምስሉ እንደ አዲስ ይነሣና ሕክምናው ከዚያው ይቀጥላል።